ለአንድ ቤት አንድ መርፌ

ይድረስ ዳሪሙ ለምትገኘው እናቴ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። እማዬ እንዴት ከርመሻል? ናፍቆቴ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ካሚልም ደህና ነው፤ ልጆቹም ትምህርት ቤትና ቤት እያሉ፣ ጫማቸውን ጭቃ በጭቃ እያደረጉ ደህና ናቸው። አንቺስ? ጤናሽ እንዴት ነው? ይሄን ጥያቄ ሰው ሁሉ ደብዳቤ አናት ላይ እንደሚጽፈው አድርገሽ እንዳታልፊው። መልስ ፈልጌ ነው የጠየቅሁት። ጤናሽ እንዴት ነው?

በስልክ አትጠይቂኝም ወይ ትይ ይሆናል። እደውላለሁ እንጂ! ስለ ዝናቡ ስናወራ ድምፅሽ አጠገቤ እንዳለሽ ሆኖ ይሰማል። ስለ ቡናው ስናወራም ይሰማል። ስለ ሰው ቤት ነገር ስናወራማ ጭራሽ ጥርት ይላል። "እማዬ፣ አንድ ቀን መጥተሽ ስኳርሽን ብትለኪ" ማለት ስጀምር ግን ወዲያው "ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም! ኔትወርክ የለም!" ትይና ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። የዳሪሙ ኔትወርክ ስኳር የሚለውን ቃል ብቻ እየመረጠ እንደሚያቋርጥ የተማርኩት ካንቺ ነው። ወረቀት ግን አይዘጋም። የምታነብልሽ ሙፊዳ ናት፤ የወንድሜ ሚስት ብትሆንም በዚህ ጉዳይ የኔ ወገን ናት። ሙፊዳ፣ መሃል ላይ "ይሄን እለፊው" ትልሻለች። እንዳታልፊው። "ውሃ አምጪልኝ" ካለችሽ አምጪላትና ካቆምሽበት ቀጥዪ። ስንቴ እንዳስነሳችሽ ግን ልብ በዪ።

ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ባስቀምጠው ሳትደርሺበት ተናደሽ ትነሻለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ልበለውና ይውጣልኝ። የፊታችን እሁድ ወደ መቱ እንድትመጪና ሰኞ ጠዋት አብረን ሆስፒታል ሄደን እንድትመረመሪ እፈልጋለሁ። ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እምቢ ማለት እንደማትችዪ የማስረዳበት ነው።

ለጎረቤታችሁ ለጋሼ መሀመድ ሰዒድ "እኔ የከሳሁት ልጄ ስለከሳችብኝ ነው" ብለሻቸዋል አሉ። የሆድ ነገር ነው፣ ሐሳብ ነው፣ እሷ ስትመለስ እኔም እመለሳለሁ ብለሻል። እሺ። እንዲያ ከሆነ የኔን ክሳት ከሥሩ ላስረዳሽ። እሱን ስጨርስ ምክንያት አይኖርሽም።

ስኳር የተገኘብኝ ጊዜ በበሽታው ከስቼ ነበር። ያኔ ብትጨነቂ አልፈርድብሽም። ኪኒኑ አልበቃ ብሎ ኢንሱሊን ሲጀመርልኝ ሰውነቴ ተመለሰ። መመለስ ብቻ መሰለሽ? አልፎ ሄደ! ያ መድኃኒት የበላሁትን ነገር አንድም ሳያባክን ሰብስቦ ሰውነቴ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወንበር ላይ ቁጭ፣ ማታ ቤት ቁጭ። በዚያ ላይ ስኳሬ እንዳይወርድብኝ እያልኩ በፍርሃት ስቆረጥም እውላለሁ። ዓመት ሳይሞላ ያሉኝ ቀሚሶች በሙሉ እምቢ አሉኝ። የመቱ ሰው ደግሞ ሲያየኝ ደስታውን አይችለውም። ማሻአላህ ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ትዳሩ ተስማማሽ ያላለኝ የለም። አንቺም መጥተሽ ዙሪያዬን እየዞርሽ አይተሽኝ፣ ካሚልን "ልጄን ሰው አደረግህልኝ" ብለሽ መርቀሽው ሄድሽ። እሱ ሞኙ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ያልተደሰተች ሲስተር ገለኔ ብቻ ናት። የቀጠሮዬ ቀን ሚዛን ላይ አቆመችኝና ቁጥሩን አይታ ተነፈሰች። ስትወፍሪ መድኃኒቱ ይሰንፍብሻል፣ መድኃኒት ስንጨምርልሽ መልሰሽ ትወፍሪያለሽ፤ እንዲህ እየተባረርን የት ልንደርስ ነው አለችኝ። ክብደት ቀንሺ አለች። ግን በራስሽ ፈቃድ መድኃኒት እንዳታቋርጪ፣ ቁርስና ምሳም እንዳትተዪ፤ ሰሃንሽን ታሳንሻለሽ፣ ትንቀሳቀሻለሽ፣ እኛ ደግሞ ስኳርሽን እያየን መድኃኒቱን እናስተካክልልሻለን አለችኝ። ስለዚህ የቀነስኩት እኔ ነኝ። ባሌ አይደለም፣ ምቀኛ አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። እኔው ራሴ ፈልጌ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ከልጆቹ ሰሃን ላይ ዓይኔን እየነቀልኩ ነው የቀነስኩት! ሙፊዳ፣ ይቺን ድገሚላት።

ጠዋት ጠዋት ወደ ጎሬ በሚያወጣው መንገድ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ጤነኛ ሰው ያለ ጉዳይ በእግሩ መሄዱ መቱ ውስጥ ወንጀል መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ባጃጁ ሁሉ ይቆማል። ይግቡ እትዬ ይሉኛል። የለም፣ እየተንቀሳቀስኩ ነው ስል የሚሰማኝ የለም፤ አንዱ ችግሬን የደበቅሁት መስሎት በነጻ ካልወሰድኩሽ ብሎ ከጎኔ ከጎኔ እየነዳ እስከ ድልድዩ ሸኘኝ። ሌላው ለቅሶ የምሮጥ መስሎት ከንፈሩን መጠጠልኝ። ዝናቡ በላይ፣ ጭቃው በታች፣ እኔ መሃል ላይ ጃንጥላዬ እየተገለበጠ። ያ አላህ፣ ምን በደልኩ እያልኩ ነበር የምሄደው።

ቢሮ ስገባ ደግሞ ትግስት አለች፤ ጠረጴዛዋ ከኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። ምነው ከሳሽ፣ ነገር አለ እንዴ አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ስለ ኢንሱሊኑ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሲስተር ገለኔ፣ ሁሉንም። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከሰዓት በኋላ ለቢሮው በሙሉ ምን ብላ ብትነግር ጥሩ ነው? "ምስኪን፣ ባሏ ሁለተኛ ሊያገባባት ነው መሰለኝ፤ የሐኪም ትእዛዝ ነው እያለች ትሸፍንለታለች።" ይሄ ወሬ በሚኒባስ ተሳፍሮ እኔ ሳልሰማው ዳሪሙ ገባ። አንቺም አመንሽ። የኔን ቃል ሳይሆን የሚኒባስ ወሬ አመንሽ።

የምግቡንማ አታንሺብኝ። የኛ ሰው "በቃኝ" ሲሉት "ለምኑኝ" ያሉት ይመስለዋል። በሄድኩበት ሁሉ ያው ነው። ግማሽ እንጀራዬን ቀስ ብዬ በልቼ እጄን ስሰበስብ አንዷ ከወዲያ "በሞቴ!" ትላለች፤ ሌላዋ ከወዲህ "አፈር ስሆን!" ትላለች። ለአንድ ጉርሻ ስንት ሰው ሞቶልኝ ስንት ሰው አፈር እንደሆነልኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከሁሉ ግን አንቺ ትብሻለሽ። ሌላው ለወግ ይለዋል፤ አንቺ ግን ጉርሻውን አየር ላይ ይዘሽ፣ ዓይንሽን ዓይኔ ላይ ተክለሽ "በሞቴ" ስትይ አፌ ሳላዘው ይከፈታል። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር፤ አሁን የልጆች እናት ሆኜም እንዲሁ ነው።

ማሩስ? ገበያ በቆመ ቁጥር የዳሪሙ ሚኒባስ ሹፌር ጥሩንባውን ይነፋል፣ እኔ እወጣለሁ፣ እሱ የላክሽውን ማር ያወርዳል። ስኳር አለብኝ እኮ እማዬ ስልሽ "ማር ስኳር አይደለም፣ ማር መድኃኒት ነው" ትያለሽ። ቅቤው ሌላ ነው። ፍሪጄን ከፍቼ ኢንሱሊኔን ለማውጣት አስቀድሜ ያንቺን ቅቤ ማንሳት አለብኝ። ኢንሱሊኔ በር ላይ አንድ ጥግ ተጠግታ ነው የምትኖረው፤ የቀረው ያንቺ ግዛት ነው።

የሰርጉን ነገር እዚህ ላይ ካላነሳሁት ደግሞ እፈነዳለሁ። የጋሼ መሀመድ ሰዒድን ልጅ ስንድር ድንኳኑ ውስጥ ያደረግሽኝን ታስታውሻለሽ። ምግብ ሊቀርብ ነው ሲባል ወደ ጓዳ ገብቼ መድኃኒቴን ተወጋሁ። ተወግቼ ስወጣ የሙሽራው መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቷል ተባለ፤ እነሱ ሳይመጡ ምግብ አይነሳም ተባለ። መድኃኒቱ እንደሆነ ሙሽራ አይጠብቅም። መጀመሪያ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ላብ አጠመቀኝ፣ ከዚያ የማወራውን ማወቅ ተሳነኝ። ስኳር ስጡኝ አልኩ። ጅኒ ነው ብለው ቢስሚላህ ያሉብኝ ነበሩ። አንዷ ደግ ሴት በብርጭቆ ውሃ ላይ ስኳር በጥብጣ ወደ አፌ ስታስጠጋልኝ፣ አንቺ ከየት እንደመጣሽ ሳላይ ብርጭቆውን ከእጇ መንጭቀሽ ደፋሽው! "ስኳር ያለባትን ልጅ ስኳር ታጠጫታለሽ? ልትገድያት ነው?" እያልሽ ጮህሽ። ዓመት ሙሉ ማር ስትልኪ ያልታየሽ ስኳር በዚያች ደቂቃ ታየሽ! ካሚል ባይደርስልኝ ኖሮ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ የምትጽፍልሽ ልጅ አትኖርሽም ነበር። ከሳጥኑ ለስላሳ አንስቶ በጥርሱ ከፈተና አጠጣኝ። ነፍሴ ስትመለስ የሰማሁት የመጀመሪያ ነገር አንቺ እሱን "ገዳይ" ስትይው ነው።

እማዬ፣ ለመቶኛ ጊዜ ልንገርሽ። በሽታዬ ስኳር ሲበዛ ነው። መድኃኒቴ ስኳሩን ያወርደዋል። አውርዶት አውርዶት ከልክ በላይ ሲወርድ ደግሞ ወዲያው የሚያድነኝ ያው ስኳር ነው። ይሄን በሽታ ስኳር ብሎ የጠራውን ሰው አላህ ይቅር ይበለው፤ በዚያ ስም ምክንያት በማይገባኝ ሰዓት እያጎረሱኝ፣ በሚገባኝ ሰዓት እየነጠቁኝ ልሞት ነበር።

ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሎሽ ሽማግሌ ላክሽብን። በባሌ ላይ! ጋሼ መሀመድ ሰዒድና አቶ ዲበኩሉ ቅዳሜ ጠዋት በዝናብ ረጥበው በራችን ላይ ቆሙ። ካሚል ለዘመድ ጥየቃ የመጡ መስሎት ደስ ብሎት ፍየል ሊያሳርድ ሲነሳ፣ ተቀመጥ፣ ለምግብ አልመጣንም አሉት። ክሱን ጋሼ መሀመድ ሰዒድ ተነሥተው ተናገሩ። ልጃችንን ሙሉ አድርገን ሰጠንህ፣ ምግብ ከልክለህ ግማሽ አደረግሃት፤ ይባስ ብለህ ስኳር እያለባት በሰው ሰርግ ላይ ለስላሳ ጋትሃት፤ ሁለተኛ ልታገባም አስበሃል አሉት። ካሚል ሲደነግጥ አማርኛው እንደሚጠፋበት ታውቂያለሽ። "አኒ ማል ጎዴ? እኔ ምን አደረግኩ? አኒ ማል ጎዴ?" እያለ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ሲያይ፣ በንዴት አልቅሼ ልሞት፣ በሳቅም ልሞት ምንም አልቀረኝም።

መርፌዬን አወጣሁ። ሚዛኑን አወጣሁ። በውፍረቴ ጊዜ የለበስኩትን ቀሚስ አምጥቼ የት ድረስ እንደሰፋኝ አሳየኋቸው። የመድኃኒቴ መጠን እንደተቀነሰልኝ፣ የጠዋት ስኳሬ እንደተስተካከለ፣ ሲስተር ገለኔ ሚዛኑን አይታ እንዳጨበጨበችልኝ ነገርኳቸው። ከዚህ ሁሉ ሰው ጎበዝ ያለችኝ እሷ ብቻ እንደሆነችም ጨመርኩላቸው። አቶ ዲበኩሉ ሰምተው ሰምተው፣ ታዲያ ልክሳ ብለሽ ነው የከሳሽው አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ልጄ፣ እኛ ከወሎ ተነሥተን እዚህ አገር ድረስ የመጣነው ከክሳት ሸሽተን ነው፤ አንቺ በሰላም አገር፣ እንጀራ ሞልቶ፣ ጠርተሽ ቤትሽ አስገባሽው አሉ።  በሰባ ሰባት መንገድ ላይ ስለቀበራችሁት ልጅ አንቺ አንድ ቀን ብቻ ነው የነገርሽኝ። ክሳት ሲባል ለምን እንደምትበረግጊ እሳቸው ሲናገሩ ገባኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ገብቶኝም ተናድጃለሁ።

ነገሩ በዕርቅ አለቀ። የሚታረቅ ነገር ስላልነበረ ካሚል ላላጠፋው ይቅርታ ጠየቀ። ምሳ በሉ። ሁለቱም በየተራ "በሞቴ" ብለው አጎረሱኝ። እየበላሁ ስኳሬን አስብ ነበር።

አሁን ነው ጆሮሽን የምፈልገው። ሙፊዳ፣ እዚህ ላይ ረጋ በዪ።

ስሸኛቸው ጋሼ መሀመድ ሰዒድ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ ለእናትሽ ስትይ ብትበዪ ምናለበት፣ እሷም ባንቺ ሰበብ አለቀች አሉኝ። መቀነቷ ድሮ አንዴ ይዞራት የነበረው አሁን ሁለቴ ይዞራታል አሉ። ውሃ መጠጣት ላይ ወድቃለች፣ ጀሪካኗን ከአልጋዋ ራስጌ አትለይም አሉ። ከዚያ በአድናቆት ጨመሩልኝ፦ ስላንቺ ተስላ ስኳር እርም ብላለች፤ ልጄ ሥጋ እስክትለብስ አልቀምስም ብላ ሻይዋን ባዶውን ነው የምትጠጣው፤ እንዲህ ያለች እናት የት ትገኛለች አሉኝ።

እውነት ነው፣ የትም አትገኝም። እኔ ግን ስለት የማውቀው ካንቺ ነው። ወንድሜ ሲታመም በግ ተሳልሽ። ለኔ ፈተና አባት እናት ለሌላቸው የቲሞች ዳቦ ተሳልሽ። ሻይሽ ላይ ማንኪያው እስኪከብድ ስኳር ካልጨመርሽ ሻይ የማይመስልሽ አንቺ፣ ከዓለም ነገር ሁሉ መርጠሽ ስኳር ተሳልሽ? ያውም ማሩን ለኔ እየላክሽ፣ ራስሽ ሳትቀምሺው? ሙፊዳ "ማሩን እንኳን መንካት ትታለች" ብላኛለች። ማር ስኳር አይደለም፣ መድኃኒት ነው ስትይኝ አልነበር? ለኔ መድኃኒት የሆነው ላንቺ መቼ ስኳር ሆነ?

እባክዎ ለምርመራ ይዘዋት ይምጡ ብዬ ጋሼን ለመንኳቸው። ሳቁ። እኛም ብለናት ነበር፣ ግን እናትሽን ታውቂያት የለ፣ "ለአንድ ቤት አንድ መርፌ ይበቃል" ብላ አሳቀችን አሉኝ። እየሳቁ ባጃጁ ውስጥ ገቡ። እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ።

አባዬን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ። እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ትዝ የሚለኝ ውሃ ውሃ ማለቱና ሱሪውን በገመድ ማሰሩ ነው። ሰው ሁሉ የዚህ አገር ውሃ አልተስማማውም ይል ነበር፤ የወሎ ሰው ለደጋ ውሃ ነው የተፈጠረው እያለ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ይሰፍር እንደነበር ግን ካደግሁ በኋላ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የኔ ስኳር የተገኘ ቀን ደግሞ ያቺን ነገር ደግመሽ አነሳሽና "አባትሽንም የበላው ይሄው ነው" ብለሽ አለቀስሽ። ስለዚህ የስኳርን ምልክት አላወቅሁም አትይኝም። ሌላውን ሁሉ አላወቅሁም በዪኝ፤ ኢንሱሊን ምን እንደሆነ፣ ሚዛን ምን እንደሆነ አላወቅሁም በዪኝ። ይሄን ግን አትይኝም።

ተናድጃለሁ እማዬ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ስኳሬን ለካሁት፣ አልወረደም፣ ንዴት ነው። ለኔ ሽማግሌ ላክሽ፤ ላንቺ ማንን ልላክብሽ? የኔን ሰሃን ስትቆጣጠሪ፣ የኔን ባል ስትከሺ፣ የኔን ክሳት አገር ሲሰማ ስታወሪ፣ ያንቺን በነጠላሽ ሸፍነሽ ዝም አልሽ። የኔ ክሳት በሐኪም የተጠበቀ ነው፤ በየቀጠሮዬ ይለካል፣ ይታያል፣ ልክ ሲደርስ ይቆማል። ያንቺን ማን ያቆመዋል? ፈርቻለሁም። ይሄንንም ጻፍኩት። ሌሊት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከዳሪሙ ነው ብዬ ነው የምነሳው።

ሸክም እሆንባታለሁ ብለሽ ከሆነ፣ ተሳስተሻል። መድኃኒት ለሁለት አይደርስም ብለሽ ከሆነም ተሳስተሻል፤ የኔ ከኔ አይወሰድም፣ ያንቺ በስምሽ ይሰጥሻል። ደግሞ ማን መርፌ ነው አለሽ? ኪኒን ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በኪኒን ነው የሚኖረው። ምንም ላይገኝብሽም ይችላል፤ ያኔ ደግሞ አሳፈርሽኝ ብለሽ አንድ ወር ሙሉ ስደቢኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ።

ካሚል እሁድ ራሱ መጥቶ ይወስድሻል። እምቢ አላለም። ገዳይ ብለሽው፣ በሽማግሌ አስከስሰሽው፣ "ሐዳ ኮ፣ እናቴ አይደለችም እንዴ" ብሎ ከኔ ቀድሞ ነው የተነሳው። እባክሽን ደህና አድርገሽ ተቀበዪው። ሰኞ ጠዋት የምንሄደው ቁርስ ሳትቀምሺ ነው። መንገድ ላይ ብርድ ይመታኛል ብለሽ ማር እንዳትልሺ። ስለትሽንም አትፍቺው፤ በዚህ ሁሉ መሃል ከሠራሽው ነገር ደህናው እሱ ነው።

እምቢ እንደምትይ አውቃለሁ። ለዚህም ተዘጋጅቻለሁ። ሙፊዳ፣ እጇን ይዘሽ ነው ይሄን የምታነቢላት።

እማዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ "በሞቴ" እያልሽ አጉርሰሽኛል። ጠግቤ በልቼልሻለሁ። ታምሜ በልቼልሻለሁ። እያለቀስኩም በልቼልሻለሁ። ሞትሽን ሰምቼ አፌን ዘግቼብሽ አላውቅም። እኔ ግን አንድም ቀን እንዲያ ብዬሽ አላውቅም፤ ልጅ ለእናቷ አትልም፣ ይከብዳል። ዛሬ ግን ሌላ ቃል አጣሁ። ኔትወርክ የለም አትበዪኝ፣ ይሰማሻል።

በሞቴ እማዬ። አፈር ስሆንልሽ። እሁድ ነይ።

አላህ ጥላሽን ከላያችን ላይ አያንሳው። እኛን ያጎረሰ እጅሽን ያበርታው። ከክሳት አገር አውጥቶ እዚህ ያደረሰሽ ጌታ፣ ከዚህኛውም ያውጣሽ። ወንድሜንና ልጆቹን በስማቸው እየጠራሽ ሳሚልኝ። ሙፊዳ፣ ላንቺም አላህ ይስጥልኝ።

ልጅሽ፣
ከመቱ

ወረቀቱን ካጠፍኩት በኋላ ትዝ አለኝና እዚህ ጥግ ላይ ጨመርኩት። የላክሽውን ቅቤ አንጥሬ ለጎረቤት አካፈልኩት፤ ስትመጪ እንዳትቆጪኝ። ፍሪጁ ሰፍቷል። በሩ ላይ፣ ከኔ ኢንሱሊን አጠገብ ያለውን ቦታ ጠርጌ ባዶ ትቼዋለሁ።